ጋራንቲ ያላትን መኪና ደብረ ማርቆስ ላይ ሰርቪስ ማሠራት ይቻላል? የአንድ ጋራዥ ግምገማ

መልሱን ላስቀድም። ይቻላል። ጋራንቲዋ ያላለቀ መኪና ደብረ ማርቆስ ላይ ዘይትና ፊልትሮ ቀይራችሁ፣ ፍሬኗን አስፈትሻችሁ ጋራንቲው ሳይነካ መቀጠል ይችላል። ግን የትም ጋራዥ አይደለም። ማንኛውም ሥራም አይደለም። ያለ ወረቀት ደግሞ ጭራሽ እንዳትሞክሩት። አዲስ መኪና የገዛ ጎጃሜ ሁሉ ባገኘኝ ቁጥር ይህንኑ ስለሚጠይቀኝ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው፤ እግረ መንገዴንም አሁን የምሄድበትን ጋራዥ ከነጉድለቱ እነግራችኋለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ።

የእኔዋ ትንሽ የቤንዚን አውቶሞቢል ናት። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከመከልከሉ ትንሽ ቀደም ብሎ የተገዛች። ዛሬ በዚያው ዋጋ ሌላ ልግዛ ብል አላገኛትም፣ ስለዚህ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት። ጋራንቲዋ 3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከሁለቱ የቀደመው። የአምራቹ ወኪል ያለው አዲስ አበባ።

እስኪ እናስላው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 600። በሊትር 15 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና 40 ሊትር ቤንዚን ትጠጣለች ማለት ነው። ቤንዚኑ ከተገኘ። አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ ከሥራ የቀራችሁበት ቀን አለ። ሰርቪሱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከሆነ ደግሞ ዘይት ለማስቀየር ብቻ ስትሄዱና ስትመለሱ ከዘይቱ ዕድሜ ከአሥር አንዱን እጅ በላይ መንገድ ላይ ትጨርሱታላችሁ። መንገዱስ? አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል፤ የጎጃም ሰው ስለሆናችሁ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የባሕር ዳር ሰው ደግሞ ርቀቱን እጥፍ ሊያደርገው ምንም አይቀረው።

ስለዚህ ጥያቄው ቅንጦት አይደለም።

ዩቲዩብ ላይ «የትም ጋራዥ አሠራ፣ ጋራንቲህን ማንም አይነካብህም» የሚሉ ሰዎች አሉ። አይዋሹም፣ ግን የሚያወሩት ስለ አሜሪካ ነው። እዚያ ማግኑሰን ሞስ የሚባል ሕግ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አምራቹ ሰርቪሱን ወይም ዕቃውን በነፃ ካልሰጠ፣ ወይም ከመንግሥት ልዩ ፈቃድ ከሌለው በስተቀር «እኔ ጋ ካልተሠራችና የእኔን ዕቃ ካልገጠምክላት ጋራንቲ የለህም» ሊል አይችልም። እዚያም ቢሆን ብልሽቱ የመጣው ከሌላው ጋራዥ ሥራ ወይም ከሌላው ዕቃ ከሆነ ለዚያ ብልሽት አይከፍልም፤ ይህቺን ክፍል ቪዲዮዎቹ ይዘሏታል። አውሮፓም ለገለልተኛ ጋራዦች በር የሚከፍት ደንብ አለው። ታዲያ ያንን ሰምታችሁ አዲስ አበባ ወኪሉ ጠረጴዛ ፊት ቆማችሁ ስለ አሜሪካ ሕግ ብትከራከሩ የሚስቅባችሁ ነው የሚበዛው።

እኛ ጋ የሸማቾች ጥበቃ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል፤ ነጋዴው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታም አለበት። ጥሩ ነው። ግን ሁለተኛ ሰርቪሷ ላይ ለደረሰች መኪና 15 ቀኑ ድሮ አልፏል። በተግባር እኛን የሚገዛን ከወኪሉ ጋር የፈረምነው ወረቀትና ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ የተረሳችው የጋራንቲና የሰርቪስ ቡክሌት ናት።

ስለዚህ ቡክሌቷን አውጧት። የምትፈልጉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «መኪናው በአምራቹ የጊዜ ሰሌዳና በተገለጸው ዘይት ሰርቪስ መደረግ አለበት» የሚል ከሆነ መፈናፈኛ አላችሁ፤ የት ይሠራ አላለም። «በተፈቀደለት የሰርቪስ ማዕከል ብቻ» የሚል ከሆነ ግን አለቀ፣ ያለ ፈቃድ እንዳትነኳት። የእኔዋ ሁለተኛውን ነው የምትለው።

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቀላል ደብዳቤ ናት። መኪናዋ ደብረ ማርቆስ ነው የምትውለው፣ በአቅራቢያዬ የእናንተ ጋራዥ የለም፣ ቀላሉን ሰርቪስ እዚህ ባሠራ ፈቃዳችሁ ነው ወይ፣ ከፈቀዳችሁ ምን ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ፣ የሚል። መጀመሪያ በስልክ አንዲት ልጅ «ችግር የለውም፣ ደረሰኝ ብቻ ይያዙ» ብላኝ ነበር። ደግ ልጅ ናት። ግን ድምፅ ማህተም የለውም። ልጅቷ ነገ ሌላ ሥራ ብትይዝ ያንን የተናገረችውን ማን ያስታውስልኛል? ጨቅጭቄ በጽሑፍ፣ በማህተም አስመለስኩ። መልሱም እንዲህ ነበር፦ ዘይትና ፊልትሮ ብቻ የሚቀየርበትን ሰርቪስ ባለሁበት ማሠራት እችላለሁ፤ ዘይቱ ቡክሌቱ ላይ ያለው ደረጃ መሆን አለበት፤ ፊልትሮው ኦሪጅናል መሆን አለበት፤ 20,000 እና 40,000 ሲሞላ የሚሠራው ትልቁ ሰርቪስ ግን እነሱ ጋ። ተስማማን። ፊልትሮውንና የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ዋሸር ከእነሱው ለሁለት ሦስት ጊዜ የሚበቃኝን ገዝቼ መጣሁ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ቁጥር አለ፤ እሱም ከፋይሉ ጋር ተቀመጠ።

ሁሉም ወኪል እንዲህ ይመልሳል አላልኩም። «አይሆንም» ካላችሁ ግን ቢያንስ አወቃችሁ፤ ያን ጊዜ ወይ መንገዱን ትወጡታላችሁ ወይ ጋራንቲውን በገዛ እጃችሁ ትተውታላችሁ።

አሁን ወደ ጋራዡ። ማርቆስ ውስጥ ብዙዎቹ ዘይት የሚቀይሩት ከበርሜል በጆግ እየቀዱ ነው። ለአሮጌ መኪና ይሁን። ጋራንቲ ላላት መኪና ግን ያ ጆግ መጥፎ ነው፤ ምን እንደፈሰሰባት ማንም ሊመሰክርላችሁ አይችልም። ሌላው የአገራችን መካኒክ በሽታ ወፍራም ዘይት መውደዱ ነው። «ይቺ ቀጭን ዘይት ውኃ ናት፣ ሞተርሽን ትበላዋለች» ብሎ አንዲት ነርስን ሲያሳምናት የሰማሁት አለ፣ መኪናዋ 5 ደብሊው 30 (ቀጭኑን) እያለች 20 ደብሊው 50 (ወፍራሙን) ሊሞላላት። የዛሬ ትንንሽ ሞተሮች ዘይቱ የሚያልፍባቸው ክፍተቶች ጠባብ ናቸው፤ ቫልቩን የሚቆጣጠረውም ሲስተም በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። በማርቆስ ብርድ ጠዋት ወፍራሙ ዘይት ላይ እስኪደርስ ሞተሩ በደረቁ ይሽከረከራል። ከዚያ አልፎ ወኪሉ አንድ ቀን «ምን ዘይት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ራሱ ያስቀጣል።

የእኔ ባለጋራዥ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ቡክሌቱን መጠየቅ ነበር። ይህንን ከሌላ ጋራዥ አላየሁም። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አገላብጠው የዘይቱን ቁጥርና የሊትሩን ልክ ራሳቸው አነበቡ። እኔም ፈራ ተባ እያልኩ፣

«ጋሼ፣ ፊልትሮውን እኔ ይዤ ብመጣ ቅር ይልዎታል?» አልኳቸው።

«ምን ቅር ይለኛል ልጄ፣ መኪናዋ ያንተ! ግን ያመጣኸው ዕቃ ቢያስቸግር እኔን እንዳትል፤ እሱንም ወረቀቱ ላይ እጽፈዋለሁ።»

ጻፉትም። ወደድኳቸው።

ዘይቱ ያልተከፈተ ጀሪካን ነው፤ ክዳኑን ፊታችሁ ነው የሚፈቱት። ከክዳኑ ሥር ያለው ልባስ መኖሩን ያሳያሉ። ጀርባው ላይ ያለውን የጥራት ደረጃም አብራችሁ ታነባላችሁ፤ የእኔዋ ኤፒአይ ኤስፒ ትፈልጋለች፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ደረጃ ነው፣ ከእሱ በፊት የነበረው ኤስኤን ነው። ባዶውን ጀሪካን ቆራሌው በጥሩ ዋጋ እንደሚገዛው ታውቃላችሁ አይደል? አንዳንዱ ተመልሶ ሌላ ነገር ሞልቶ «ኦሪጅናል» ሆኖ ይመጣል። እዚህ ጋራዥ ከፈለጋችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ ካልፈለጋችሁ በምስማር ይበሱታል። የተቃጠለውን ዘይት ግን አልሰጥም ይላሉ፤ ለአጥር እንጨት፣ ለምስጥ የሚፈልገው ደንበኛ አላቸው።

የማፍሰሻው ብሎን ላይ ዋሸሩ በየጊዜው ይቀየራል። ብዙ ቦታ አሮጌው ይመለስና ልጁ ባለ በሌለ ጉልበቱ ያጠብቀዋል፤ ጥርሱ ሲላጥ ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ይሄዳል፣ ካርተር ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ከተበላሸ ጋራንቲ አይሸፍነውም። እዚህ በልክ የሚያጠብቅ ቶርክ ቁልፍ አለ። የብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች ማፍሰሻ ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ ሁለት እጅ አይፈልግም። ሲጨርሱ ሞተሩን አስነስተው፣ አጥፍተው፣ ትንሽ ቆይተው ነው ዘይቱን የሚለኩት፤ ከላይኛው ምልክት እንዳያልፍ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ወረቀቱ። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የምትለዋን ጥያቄ ሁላችንም እናውቃታለን። ዋጋው ይለያያል። 15 በመቶ ቫት ለማትረፍ ብላችሁ ያለ ደረሰኝ ካላችሁ በወኪሉ ዓይን መኪናዋ ሰርቪስ አልተደረገችም። የማውቀው አንድ የቡሬ ነጋዴ ይህ ደርሶበታል፤ ሞተሩ ድምፅ አምጥቶ ወኪሉ ጋ ሲወስዳት የሰርቪስ ታሪክ አምጣ ተባለ። ዘይቱን በጊዜው ይቀይር ነበር፣ እመሰክርለታለሁ። ግን የእኔ ምስክርነት እዚያ ምን ያደርጋል? በኪሱ ከፈለ።

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ብቻውንም አይበቃም። «ሰርቪስ» ብሎ ብሩን ነው የሚጽፈው። የማን መኪና? በስንት ኪሎ ሜትር? በምን ዘይት? ጋሼ የሥራ ማዘዣ የሚሉት ባለ ካርቦን ጥራዝ አላቸው። ታርጋ፣ ሻንሲ ቁጥር፣ ኪሎ ሜትር፣ የዘይቱ ስምና ቁጥር፣ የገባው ሊትር፣ የፊልትሮው ቁጥር፣ ቀኑ፣ ፊርማና ማህተም። ከካሽ ሬጅስተሩ ጋር በስቴፕለር ይያያዛል። እኔ ደግሞ ዳሽቦርዱን ከነኪሎ ሜትሩ፣ ጀሪካኑንና የወጣውን ፊልትሮ ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ፤ ካሽ ሬጅስተር ወረቀት ስድስት ወር ሳይሞላው ፊደሉ ጠፍቶ ነጭ ይሆናል፣ ይህን ያላያችሁ ካላችሁ የዓመት ደረሰኛችሁን ገልጣችሁ እዩ።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። ቡክሌቱና የወኪሉ ኮምፒውተር በእ.ኤ.አ. ነው የሚሄዱት። ጋሼ 05/03/2017 ብለው ከጻፉ ኅዳር 5 ማለታቸው ነው፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2024። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ደግሞ ማርች 2017 ብሎ ያነበዋል። መኪናዋ ገና ሳትሠራ ሰርቪስ ተደርጋለች! ሳቅ ነው፣ ግን ሰነድ ለመጣል ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ሰበብ ነው። ወሩን በፊደል አስጽፉ፣ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ሁለቱንም አስቀምጡ።

ኪሎ ሜትሩ ሳይሞላ ጊዜው የሚሞላባቸውም ብዙ ናቸው። «ገና 3,000 ነው የሄድኩት» ይላሉ፣ ስምንት ወር አልፏቸው። ቡክሌቱ 5,000 ወይም 6 ወር፣ የቀደመው ካለ 6 ወሩ ነው የሚቀድማችሁ። ደግሞ ሁለት ሰንጠረዥ እንዳለ ልብ በሉ፤ አንዱ ለተራ አነዳድ፣ አንዱ ለከባድ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ 10,000 ነው ብሎ ይዘጋዋል። ከባድ የሚለው ምን ምን እንደሆነ አንብቡት፦ አቧራ፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ ብርድ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ። ጎጃምን አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ የጮቄ ነፋስ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት የምትሄድ መኪና ሞተሯ በወጉ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ እርጥበቱና ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ከአስፋልቱ ወጣ ካላችሁ ደግሞ አቧራው አለ። እኛ ከባዱ ሰንጠረዥ ውስጥ ነን፣ በቃ።

ከዚህ ጋራዥ በጣም የወደድኩት የፍሬን ነገራቸውን ነው። ጋራንቲ የፍሬን ሸራ አይሸፍንም፤ እንደ ዝናብ መጥረጊያ፣ እንደ አምፖልና እንደ ፊልትሮ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ግን ከማርቆስ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ይወጣል። ዓባይ በረሃ ለፍሬን ፈተና ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፣ ውኃ ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ዶት 3 ከሆነ ከ205 ወደ 140። ቁልቁለቱ ላይ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ቀይሩ የሚሉት። ጋሼ እስክሪብቶ የምታክል መለኪያ አለቻቸው፤ ዘይቱ ውስጥ ነክረው የውኃውን መጠን ያሳያችኋል። ለመፈተሻው አያስከፍሉም። የእኔን አይተው «ገና ነው፣ ገንዘብህን ያዝ» አሉኝ። መካኒክ ገንዘብህን ያዝ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ቁልቁለቱን ግን በማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑ ላይ ተኝተህ አትሂድ» የምትለዋ ምክር አትቀርም። ቁልቁለቱን ጨርሳችሁ ስትቆሙ የተቃጠለ ሸራ የሚሸተው መኪና ሁሉ ይህን ምክር ያልሰማ ነው።

አሁን ደግሞ የማልወድላቸው።

ወረፋው ወረፋ አይደለም። ዘመድ ከመጣ ይሰበራል፣ ሚኒባስ ከመጣ ይሰበራል፣ «እሱ ለሥራ ነው የሚፈልጋት» ይባላል፤ እኛ ለጌጥ ነው እንግዲህ። መቀመጫ የለም። ከበሩ ማዶ ቡና የምታፈላ እትዬ ባትኖር ኖሮ አንድ ኮከብ ከዚህ ላይ እቀንስ ነበር። ስልክ አያነሱም። ዝናብ ሲዘንብ መኪና የሚቆምበት ጉድጓድ ውኃ ስለሚይዝ ሥራው ይቆማል፤ ክረምት ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልጆቹ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ጋሼ ምሳ ከሄዱ ቶርክ ቁልፉም አብሮ ምሳ ይሄዳል። የጎማ ብሎን በአየር ሽጉጥ ድርርር አድርገው ያጠብቁታል፣ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባችሁ በእጅ ልፍታ ስትሉ ነው የሚገባችሁ። በእጅ ይጠበቅልኝ በሉ። ቅር አይላቸውም።

የሞተር ማጠቢያ ኬሚካልና ዘይት ላይ የሚጨመር ምናምን ጠርሙስም ይሸጣሉ። ይህ ነገር በጣም ያናድደኛል፣ እንዲያ የሚጠነቀቅ ጋራዥ! መደርደሪያው ላይ ደርድረውታል፣ ልጁ «ሞተሩን ያለሰልሰዋል ወንድሜ» ይላል። የእኔ ቡክሌት ተጨማሪ ነገር ዘይት ውስጥ አትጨምሩ ብሎ በግልጽ ይናገራል፤ የብዙዎቻችሁም እንዲሁ ነው የሚለው። እምቢ በሉ። አጠገቡ ያለው ላቫጆም ሞተር እንጠብ ይላችኋል፤ በግፊት ውኃ የኤሌክትሪክ ማያያዣው ውስጥ ከገባ የሚመጣው ጣጣ በጋራንቲ የሚታይ አይደለም። ኮፈኑን አትክፈቱላቸው።

እዚህ የማላሠራቸው ነገሮችም አሉ፣ ጋሼ ራሳቸው «እዚህ አታሠራ» የሚሉኝ ናቸው። የሞተር መብራት ከበራ ኮምፒውተር ተሰክቶ የብልሽቱ ኮድ ይነበብ፣ ይሁን፤ ግን ኮዱ አይጥፋ። ኮዱ ሲጠፋ ብልሽቱ በመጣበት ሰዓት ኮምፒውተሯ የመዘገበችው ነገርም አብሮ ይጠፋል፣ ወኪሉ ጋ ስትደርሱ ማስረጃ የላችሁም። ፎቶ አንሱና ወደ ወኪሉ ደውሉ። በጋራንቲ ሊሠራ የሚችል ነገር ሌላ ሰው ከከፈተው ደግሞ ጋራንቲውን ከዚያው ላይ ዘጋችሁት። ሽቦ አታስቆርጡ፤ አላርም፣ ፓውዛ፣ ትልቅ ቴፕ፣ ምንም ይሁን። ከዚያች ቀን ወዲያ የኤሌክትሪክ ችግር ሁሉ የእናንተ ይሆናል። ካንዴላም የሚያልቅበትን ሳትደርሱ «እንቀይራት» ቢሏችሁ ሰንጠረዡን እዩ፤ ኢሪዲየም ከሆነች እስከ 100,000 የምትሄድ ዓይነት አለች።

ስለ ነዳጅ ሳልናገር አላልፍም። ማደያ ወረፋ ሲረዝም መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን የገዛ ሰው፣ እኔን ጨምሮ አልፈርድበትም፣ ቸግሮት ነው። ግን በውኃ ወይም በናፍታ የተደባለቀ ነዳጅ ያበላሸው ኢንጀክተርና ፓምፕ በጋራንቲ አይሸፈንም። ይህ የትም አገር ያለ ነው። ሰርቪሱን በሥርዓት አሠርታችሁ፣ ደረሰኙን ደርድራችሁ፣ በአንድ ሃይላንድ ልታጡት ትችላላችሁ። ማደያ ስትቀዱ ያንንም ደረሰኝ ያዙ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም። ጎማ፣ ፍሬን፣ የውስጥ አየር ፊልትሮ እዚህ ይታያል። ብርቱካናማ ሽቦ ያለበት ቦታ ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ጋሼም ቢሆኑ አይነኩትም፣ አይንኩትም። የብዙዎቹ ባትሪ ጋራንቲ 8 ዓመት ነው። ያንን ለአንድ የማወቅ ጉጉት ላለው ልጅ ካቻቢቴ አሳልፋችሁ አትስጡ።

ዋጋው? የእጅ ዋጋቸው ከአዲስ አበባው ወኪል ግማሽ አይሞላም። ዘይቱ ግን ተመሳሳይ ነው፣ እንዲያውም ከማርቆስ ሌሎች ጋራዦች ይወደዳል፣ ምክንያቱም ትክክለኛው ነው። በአሠራር ከ5 4 ተኩል እሰጣቸዋለሁ፣ በወረቀት 5፣ በወረፋ 2፣ ለዚያ የኬሚካል መደርደሪያ ደግሞ ዜሮ።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ ጋሼ ከምሳ በፊት እንዲጨርሱላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እሳቸው ስለማይኖሩ ተውት። ከበዓል በፊት ባለው ሳምንትም ሁሉም ሰው አገሩ ሊገባ መኪናውን ስለሚያሠራ ቦታ አታገኙም። ፊልትሮና ዋሸር ከሌላችሁ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ላኩ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ፎቶ አንስታችሁ ስጡት፣ በስም ብቻ ከጠየቀ ሌላ ሞዴል ይዞላችሁ ይመጣል።